የ3 ዓመት ፈረስ ወይስ የ14? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ፈረስ ልገዛ ነው። ወጣቱ በጣም ይረክሳል። እኔም ጀማሪ፣ እሱም ጀማሪ፣ አብረን እንማራለን። ምን ትላለህ?» ለሦስቱም የመለስኩት አንድ ነው። ተወው። ዕድሜው ከ10 እስከ 16 የሆነ፣ ብዙ ሰው የጋለበው፣ ረጋ ያለ ፈረስ ፈልግ።

ይህን የምለው ከፍዬ ስለተማርኩት ነው። የመጀመሪያ ፈረሴ የ3 ዓመት ዳማ፣ ማለትም ቀላ ያለ ቡናማ ፈረስ ነበር። ሲያዩት ዓይን ይስባል። ዋጋው በዚያው ቀን ካየኋት የ14 ዓመት ባዝራ (ሴት ፈረስ) ሲሶ ብቻ ነበር። ተርፎኛል ብዬ ገዛሁት። ከዚያ ወጪው መጣ። ያልተገራ ስለነበር ለገሪ 7 ወር ከፈልኩ። ሁለት ጊዜ ጣለኝ፤ በሁለተኛው የእጄ አንጓ ተሰበረና የሕክምናውም ተጨመረ። በ5ኛው ወር ቁጭ ብዬ ስደምር የባዝራዋን ዋጋ አልፌያለሁ። ያኔም ብቻዬን ወጥቼበት አላውቅም።

ሰው የግዢውን ዋጋ ብቻ ያያል። 400 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ድርቆሽ ይፈልጋል። በዓመት ከ2 ቶን በላይ ማለት ነው። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከረከማል። ክትባት አለ፣ የጥርስ ሞረዳ አለ። ይህ ሁሉ ለርካሹም ለውዱም ያው ነው። ፈረስ ተጋለበም አልተጋለበም ይበላል። በግዢ ያተረፋችሁትን ገንዘብ በዓመት ድርቆሽ አካፍላችሁ እዩት፤ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባችኋል።

«14 ዓመት አርጅቶ የለም እንዴ?» ይሉኛል። አላረጀም። በደንብ የተያዘ ፈረስ 25፣ አንዳንዱም 30 ዓመት ይኖራል። በተቃራኒው የ3 ዓመቱ የጀርባ አጥንት ገና አልጠናም፤ የሚጠናው ወደ 6 ዓመቱ አካባቢ ነው። እስከዚያ ብዙ ልትጭኑበት አይገባም፣ ግን ትቀልቡታላችሁ። ወጣት ፈረስ ጥሩ ምርጫ የሚሆነው ለዓመታት ለጋለበና ገሪ በየቀኑ ለሚያገኝ ሰው ነው።

በዕድሜ ከፍ ያለ ፈረስ ስትገዙ ግን ዕድሜው ላይ ልትታለሉ ትችላላችሁ። ከላይ በዳር ያለው የፊት ጥርስ ላይ በ10 ዓመት ገደማ ቀጭን መስመር ከድዱ ስር ብቅ ይላል። በ15 ግማሽ ይደርሳል፣ በ20 እስከ ታች ይወርዳል። አንዳንድ ሻጭ ወጣት እንዲመስል ጥርሱን ቦርቡሮ ያጠቁርና የ20 ዓመቱን 9 ነው ይላል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ደም ቀድቶ እንዲያስቀምጥም ጠይቁት። በማስታገሻ መርፌ ማንከሱን ወይም ቁጣውን ደብቀው የሚያሳዩ አሉ፤ በኋላ የሚያጋልጣቸው ያ ደም ነው። ለሐኪም የምትከፍሉት ከአንድ ያበጠ እግር ሕክምና ያንሳል።

ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ፈረሱ ተጭኖና አልቦት ከጠበቃችሁ ረጋ ያለ እንዲመስል አድክመውት ይሆናል። ከሜዳ ሲያዝ እዩት። መጀመሪያ ሻጩ ይጋልበው። አራቱንም እግሮች አንስታችሁ እዩ። ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስሩጡት፤ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ሽቅብ ያነሳል። ጀርባው ላይ ለብቻቸው የበቀሉ ነጫጭ ጸጉሮች ካሉ መጥፎ ኮርቻ አቁስሎት ነበር ማለት ነው።

የኮርቻ ነገር ከተነሳ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የቆጨኝ እሱ ነው። ከውድ ኮርቻ ጋር አንድ የሚመስል፣ በሩብ ዋጋ የሚሸጥ ኮርቻ አገኘሁ። ቆዳው ያምራል። በሦስት ወሩ ከቆዳው ስር ያለው እንጨት ተሰነጠቀ። እኔ ግን አላወቅኩም። ፈረሱ ጀርባውን ሲያጎብጥ እልኸኛ ሆነብኝ ብዬ ገሠጽኩት። ለካ ቆስሎ ነበር። ጠጋኙ የጠየቀኝ ከገዛሁበት ይበልጣል፣ ለፈረሱም ሁለት ወር እረፍት ሰጠሁት። ስትገዙ የኮርቻውን ፊት ሆዳችሁ ላይ አስደግፋችሁ ኋላውን ወደ እናንተ ሳቡ። ከተጣጠፈ ወይም ሲጥጥ ካለ ተዉት። አሮጌ ግን ደህና ኮርቻ ከአዲስ አስመሳይ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ዳማውን ልምድ ላለው ሰው ሸጥኩትና የ13 ዓመት ባዝራ ገዛሁ። መላመድም ምን እንደሆነ ያወቅኩት በእሷ ነው። ከፈራ ሰው ጋር ፈረስም አይረጋም፤ እኔ ደግሞ በዳማው ላይ ሁልጊዜ እፈራ ነበር። ባዝራዋን በመጀመሪያው ሳምንት አልጋለብኳትም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እሄዳለሁ፣ እቦርሻታለሁ፣ በገመድ ይዤ እናዘግማለን። ፈረስ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከኋላው በቀጥታ ያለውን አያይም፤ ስለዚህ በትከሻዋ በኩል እያወራሁ እጠጋለሁ። ጋማዋ የሚያልቅበትን ቦታ አክላታለሁ። ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት እዚያው ጋ ነው፤ የልብ ምታቸውም ይረጋል። በእጄ ግን አላበላትም፣ መንከስ ትለምዳለችና።

በ3ኛው ሳምንት በሩን ስከፍት ከሜዳው ማዶ ራሷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ከዚያ እያዘገመች መጣች። ገመዱ ገና ትከሻዬ ላይ ነበር።