በሐረር ማረፊያ ላገኘልንና ከተማውን ላሳየን አስጎብኚ የቀረበ ምስጋና

ሐረርን ለጥቂት ቀናት ሊጎበኝ ያሰበ ሰው በቅድሚያ የሚገጥመው ጥያቄ አሮጌውን ከተማ ከሚከበው ከጀጎል ግንብ ውስጥ ልደር ወይስ ከግንቡ ውጭ ካሉት ሆቴሎች አንዱን ልያዝ የሚለው ነው። ለእኛ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ የፈታልን፣ ገና ከአዲስ አበባ ሳንነሣ በስልክ ያገኘነው፣ እዚያው ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ነው። ይህን የምጽፈውም እርሱን በአደባባይ ለማመስገንና በተለይ አዛውንትና ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሁሉ ለመጠቆም ነው።

ይህ ወንድማችን ስንደውልለት የሚያሳየንን ቦታ ከመዘርዘሩ በፊት ስለ እኛ ጠየቀ። አባቴ ደረጃ መውጣት ይችሉ እንደሆነ፣ ሌሊት ተነሥተው ይወጡ እንደሆነ፣ ልጆቹ በእግር ምን ያህል እንደሚሄዱ፣ ማለዳ የሚሰማ የአዛን ድምፅ እንቅልፍ ይነሣን እንደሆነ ሳይቀር አጣራ። ከዚያም በግንቡ ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉትን የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ጉድለታቸውን ሳይደብቅ አስረዳን፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና እስከ ደጃፍ እንደማይደርስ፣ መታጠቢያውና መጸዳጃው የጋራ ሊሆን እንደሚችል፣ የላይኛው ክፍል የሚወጣበት ደረጃም ለሽማግሌ ጉልበት እንደማይመች ነገረን። ሥራውን የሚያከብር ሰው መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱን አሞግሶ ቢያስይዘን ኖሮ ችግሩን የምናየው ከደረስን በኋላ ነበር። በማግሥቱ ራሱ ሄዶ አይቶ፣ ለአባቴ ከግቢው ጋር እኩል የሆነ ክፍል ያለበትን ቤት አገኘልን።

ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ስንገባ ከሐረር በር ላይ ተቀበለን፤ ሻንጣችንንም አብሮን ተሸከመ። ቤቱ ውስጥ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ነደባ የሚባሉትን፣ ከፍታቸው የሚለያይ፣ ቀይ የተቀቡና ምንጣፍ የተነጠፈባቸው መደቦች ነው። ግድግዳው በስፌት ሥራዎችና በሳህኖች ተሸፍኗል። የቤቱ እመቤት አባቴን እጃቸውን ይዘው ለአባወራና ለክቡር እንግዳ በሚሰጠው በአሚር ነደባ ላይ ሲያስቀምጧቸው፣ አስጎብኚያችን የእያንዳንዱን መደብ ቦታና የሚቀመጥበትን ሰው ለልጆቹ አስረዳ። ቀይ ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን የሐረር ሰዎች እንደሚያስታውስ በከተማው ይነገራል፤ ይህንንም በዝግታና በአክብሮት ነገረን። በእኔ እምነት ሐረር ሄዶ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሳያድር የተመለሰ ሰው የከተማውን ግማሽ አላየም።

ጉብኝቱን ያቀደው በአባቴ አቅም ልክ ነበር። «አባባ፣ ዛሬ ይረፉ፤ ከተማው የትም አይሄድም» ብሎ የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ በቡና እንድናሳልፈው አደረገ። ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ እየወጣን፣ ፀሐይ ሲበረታ እየተመለስን ጎበኘን። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥተን የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ስም ባወጣለት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል ወረድን፤ ልጆቹም ከቆሙበት አልንቀሳቀስ አሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራውን ግንብ ስናይ፣ ሥሩ ላይ ያሉትን ጅቦች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች አሳየን፤ ዋራባ ኑዱል ይባላሉ። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚመገብበትን ቦታ ስናይ ልጆቹ ያልፈሩት ይህን ቀድመው ስለሰሙ ይመስለኛል።

ከሙዚየሞቹ ከአንድ በላይ ለማየት ጊዜ የሌለው ሰው የሸሪፍን ሙዚየም እንዲመርጥ መክሮናል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። በራስ መኮንን ቤተ መንግሥት የሚገኘው ይህ ሙዚየም የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣጌጦችንና የጦር መሣሪያዎችን የያዘ ሲሆን፣ የአንድ የሐረር ተወላጅ የሰብሳቢነት ድካም ውጤት ነው። የራምቦ ቤት ያማረ የእንጨት ሕንፃ ቢሆንም፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ በእርግጥ የኖረበት ቤት እንዳልሆነ በግልጽ ነገረን። ለጎብኚ ደስ የሚለውን ተረት መንገር ሲችል እውነቱን መናገሩን በጣም አደንቃለሁ።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ተጠቃሽ ከነበሩት ሀብቶቹ መካከል 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ (የእስልምና ቅዱሳን) መቃብርና መዘከሪያ ቦታዎች ይገኛሉ። እነዚህ የሰዎች የጸሎት ስፍራዎች ስለሆኑ፣ አስጎብኚያችን መቼ መቅረብ እንደሚገባ፣ የት ጫማ እንደሚወለቅና የት ፎቶ ማንሣት እንደማይፈቀድ አስቀድሞ ይነግረን ነበር። በገበያ ውስጥም ፈቃዳቸውን ሳንጠይቅ የሴቶችን ፎቶ እንዳናነሣ አሳሰበን። ባለቤቴ የስፌት ሥራ መግዛት ስትፈልግ ወደ አንድ ሱቅ ብቻ ከመምራት ይልቅ ሥራው የጠነከረና የላላ የሚለይበትን መንገድ አሳይቷት ራሷ እንድትመርጥ ተዋት፤ ከሱቆች ድርሻ እንደማይቀበልም ነገረን። ክፍያውን ቀድመን በስልክ ተስማምተን ነበር፤ በመጨረሻም ከተስማማንበት ሳንቲም አልጨመረም።

አባቴ ከተመለስን ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ የሚያወሩት ስለ እርሱ ነው። ወንድማችን፣ ለአባታችን ስላሳየኸው ትዕግሥትና ስለ ታማኝነትህ በመላው ቤተሰቤ ስም ከልብ አመሰግንሃለሁ።

ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት እንዲጠቀስ ስላልፈለገ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሐረር የምትሄዱ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ቁጥሩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ለተመዘገበውና ከረመዳን በኋላ ለሚከበረው ለሸዋሊድ በዓል መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ፣ በግንቡ ውስጥ ያሉት ቤቶች ጥቂት ክፍል ብቻ ስላላቸው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ደውሉለት።