ባለ ማግኔት የካቢኔት መቆለፊያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ሕፃን ካቢኔት እንዳይከፍት በር ላይ የሚለጠፈው ነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ ያማረ ኩሽናን ያበላሻል። ባለ ማግኔቱ ግን ምላሱም መያዣውም ከውስጥ ስለሚገጠሙ ከውጭ ምንም አይታይም፤ የማግኔት ቁልፉን በበሩ ፊት ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲያስጠጉት ምላሱ ተስቦ ይለቃል። በ6 በሮችና በ2 መሳቢያዎች ላይ ስምንት ወር ሠርቷል፤ ማግኔቱ አልደከመም። የደከመው ሙጫው ነው።

ከምድጃው አጠገብና ከሳህን ማጠቢያው ሥር ያሉት በሦስት ወር ውስጥ ተላቀቁ፤ እንፋሎትና የዘይት ላብ ሙጫ አያስይዙም። ደረቅ ቦታ ላይ ያሉት እንዳሉ ናቸው። ለመለጠፍ ቦታውን በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ፣ 30 ሰከንድ አጥብቆ መጫን፣ ከዚያ ቢያንስ 24 ሰዓት አለመንካት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ለጥፎ ወዲያው ይጎትተዋል።

እርጥበት ባለበት በብሎን እሰሩት። ለ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል። መጀመሪያ በ2 ሚሊ ሜትር መብሻ ቅደዱ፤ አለበለዚያ ኤምዲኤፉ ይሰነጠቃል። መብሻው ላይ ከጫፉ 10 ሚሊ ሜትር ለክታችሁ ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ በበሩ ፊት ወጥቶ ቢገኝ የውበቱ ነገር አበቃ።

በሩ ዘምሞ ከሆነ ምላሱ መያዣውን ይስታል። መቆለፊያውን ከማንሳት በፊት ማጠፊያውን በካቻቪቴ አስተካክሉ። ረጅም በር ላይ አንድ መቆለፊያ ላይኛው ጥግ ብቻ ከተገጠመ ታችኛው ጎን ሲጎተት ይለመጣል፣ ጣትም ይገባበታል፤ ከታች ሁለተኛ ጨምሩ። ለላሜራ ካቢኔት ግን አትግዙት፤ ብረቱ የማግኔቱን ጉልበት ለራሱ ይወስደዋል።

የማግኔት ቁልፉን ፍሪጅ ጎን ላይ መለጠፍ ይቀላል፤ ሕፃኑም የሚያየው እዚያው ነው። ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀል፤ አንድ ትርፍም ይኑር። የቁልፉ ቆብ ከተሰነጠቀ ግን ማግኔቱ ሊወጣ ስለሚችል ቁልፉ ይጣል።

በሀይላንድ የተገለበጠ በረኪናና ነጭ ጋዝ ከዚህ መቆለፊያ ጀርባም መቀመጥ የለበትም፤ ትልቅ ሰው ሳይዘጋው የሚሄድበት ቀን አይጠፋም። በራሱ ዕቃ ሆኖ ላይኛው ቁም ሳጥን ይግባ።

የተለጠፈውን ስታነሱ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና ከጀርባው የጥርስ ክር አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ጎትቱ። በቢላ ከተፈነቀለ የበሩን ልባስ ይዞት ይነሳል።