ኤም5 በጣርማበር ዳገት፦ ከ14 ወር በኋላ

ደብረ ብርሃን ላይ 560 የፈረስ ጉልበት ያላት አውቶሞቢል ምን ትሠራለች? ከገዛኋት 14 ወር ሆነኝ፤ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። እማዬማ የመጀመሪያ ቀን ዞራ ዞራ አየቻትና «አንተ ልጅ፣ ያ ሁሉ ብር ለዚህች ነው?» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። የ2013 (እ.ኤ.አ.) ቢኤምደብልዩ ኤም5 ለማያውቃት አራት በር ያላት ጨዋ የቤት መኪና ናት። ጉዷ ያለው ኮፈኑ ስር ነው፦ 4.4 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ።

ለእኛ አገር ዋናው ተርቦው ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የድሮዋ መኪናዬ ጣርማበር ስትደርስ ታቃስት ነበር። ተርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ነው የሚያስገባው። አሁን ሲኖትራክ ፊቴ ሲያዘግም መንገዱ ክፍት መሆኑን አይቼ ረገጥ አደርጋታለሁ፤ ሳላስበው አልፌ መስመሬ ውስጥ ገብቻለሁ። በሰው መስመር ላይ የምቆይባት ጊዜ አጠረችልኝ። 250 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሄዳለች ይባላል፤ በበግ መንጋና በጉም መሀል ማን ይሞክረዋል?

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥተህ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት እስክትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከነበርክበት ወደ 1,300 ገደማ ትወርዳለህ። ማርሹን ዝቅ አድርጌ በሞተር እይዛታለሁ፤ የፊት ፍሬን ዲስኳ 400 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ እስካሁን ሲግል አላየሁትም። ባለፈው እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የነቃችው ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲያንኳኩ ነው።

ድምፁ ያምራል፤ ግን ውስጥ ሆነህ ከምትሰማው ከፊሉ በስፒከር የሚለቀቅ መሆኑን ሳውቅ ትንሽ አፈርኩ። ቤንዚን? አትጠይቁኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ የመለዋወጫ ዕቃ ፍለጋውም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥፋቴን ልናገር። ስኮርት (ተጠባባቂ) ጎማ እንደሌላት ሳላጣራ ነው የወጣሁት። ያላት መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ የጎማ መንፊያ ብቻ ነው። ጫጫን እንዳለፍኩ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና የፊት ጎማዬ ጎኑ ተቀደደ። ፈሳሹን ብሞላበት በስንጥቁ ተመልሶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ጎሚስታው መጥቶ የኋላ ኮፈን አስከፈተኝና ባዶውን አይቶ «ጋሼ፣ እንዲህ ሆነው ነው አገር የሚያቋርጡት?» አለኝ።

አሁን ጎማ ጭኜ ነው የምዞረው። እሱም የፊቱ ነው፤ የኋላው ሰፋ ያለ (295 ሚሊ ሜትር) ስለሆነ አይለዋወጥም። የኋላ ኮፈኑ ስለሞላም የእማዬ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የኋላ ወንበር ላይ፣ ቆዳው ላይ ይጫናል።