ስስ ገጀራ፣ የባሌስትራ ገጀራ ወይስ ወፍራም የጫካ ቢላዋ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 አካባቢ ይወርዳል፤ የሚቆረጠውም ነገር አብሮ ይለወጣል። ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ነጭ ባሕር ዛፍና ጽድ፣ ታች ቦርከና ወንዝ ዳር ግራር፣ የወፍ ቆሎና ቁልቋል ይበዛል። «የቱ ይሻላል?» የሚል ገዢ ምን ሊቆርጥበት እንዳሰበ ካወቀ የመልሱን ግማሽ ራሱ መልሶታል።

የሚነጻጸሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው የፋብሪካ ስስ ገጀራ ነው፦ ብረቱ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የብራዚሉ ትራሞንቲና በዚህ ዓይነቱ ይታወቃል። ሁለተኛው ብረት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሚያወጣው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ጀርባው ላይ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። ሦስተኛው ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣው ወፍራም የጫካ ቢላዋ ነው። ለምሳሌ የኬባር ቤከር ቢኬ9 ብረቱ 23 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ለምንጣሮ ስስ ገጀራን የሚወዳደረው የለም። የወፍ ቆሎ ቀንበጥ ቀጭንና ተጣጣፊ ስለሆነ ፍጥነት ይቆርጠዋል እንጂ ክብደት አይበግረውም፤ ወፍራም ቢላዋ ሲያርፍበት ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። ርዝመቱም እጅን ከእሾህ ያርቃል። ቁልቋል ላይ ደግሞ ይህ ርቀት ቅንጦት አይደለም፦ ነጭ ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ለጊዜውም ቢሆን ዕይታ ሊነሳ ይችላል። ገጀራው የሚሸነፈው ደረቅ እንጨት ላይ ነው። ብረቱ ሲያርፍ ይርገበገባል፣ ጉልበቱ እንጨቱ ውስጥ ሳይገባ ወደ ክንድ ይመለሳል። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ወፍራም ግንድ ላይ ደግሞ ጠልቆ ይቀረቀራል፤ ጎንና ጎን እያወዛወዙ ሲነቅሉት ብረቱ ይጣመማል። ብዙ የፋብሪካ ገጀራ ያለ በቂ ስለት ስለሚሸጥ መጀመሪያ በሞረድ መሳል አለበት። ብረቱ ሆን ተብሎ ለስለስ ያለ ስለሆነ ሞረድ በደንብ ይይዘዋል።

የባሌስትራው ጉዳይ ሰፋ ይላል፤ ምርጡም መጥፎውም እዚህ ነው ያለው። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ ምትን የሚችል ብረት ነው። ለመጨፍጨፍ ከዚህ የተሻለ ቁሳቁስ በቅርብ አይገኝም። የሚያበላሸው እሳቱ ነው። ብረቱ ማግኔት መያዝ እስኪተው (770 ዲግሪ ገደማ) ግሎ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሞቅ ባለ ዘይት መነከር አለበት። ነጭ እስኪሆን የጋለ ብረት ውስጡ ይሻክራል፣ በኋላም እንደ ሸክላ ይሰበራል። ውሃ ውስጥ የተነከረ ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከነከሩት በኋላ እንደገና በቀስታ ማሞቅ ግድ ነው፤ ተፈግፍጎ የጠራው ብረት ቀለሙ ከቡናማ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ፣ ማለትም ከ260 እስከ 280 ዲግሪ ሲደርስ፣ ለመጨፍጨፊያ ልክ ነው። ይህን ሁለተኛ ማሞቅ የዘለለ ሠሪ የሚያምር፣ ግን የመጀመሪያው ጉጥ ላይ የሚሸረፍ ገጀራ ያስረክባል።

ሰኞ ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዛ ትንሽ ሞረድ ኪስ ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው። ሻጩን አስፈቅዶ ስለቱን በቀስታ መንካት ብቻ ይበቃል፦ ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ብረቱ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፤ እንደ ፌሮ በቀላሉ ከበላው ጭራሽ አልጠነከረም፤ እያንገራገረ ከያዘ ደህና ነው። ጀርባው ከስለቱ ቢለሰልስ ጉድለት አይደለም፣ እንዲያውም ይፈለጋል። ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ጥላ ካለ ግራይንደር አቃጥሎታል፣ ያ ቦታ ቶሎ ይጣጠፋል።

ሌላው ሥጋት አሮጌ ባሌስትራ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ነው። ብረቱን ናፍጣ ቀብቶ ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ በደንብ መጥረግ፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ነው። ስንጥቅ ካለ ናፍጣው ተመልሶ እየወጣ ዱቄቱ ላይ መስመር ይሠራል።

ወፍራሙ የጫካ ቢላዋ በጨፍጫፊነት ከሦስቱ መጨረሻ ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ። አጭር ስለሆነ ፍጥነት አይሰበስብም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጀርባውን በዱላ እየመቱ ጭራሮ መሰንጠቅ፣ አጠና ማሾል፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ሁሉንም በአንድ መሣሪያ። ወደ ተራራ ወጥቶ ለሚያድርና አንድ ነገር ብቻ መያዝ ለሚፈልግ ያዋጣል። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ሞረድ አይበቃውም፣ መሳያ ድንጋይ ይፈልጋል። ጀርባው መጋዝ የሚመስለውንና እጀታው ውስጥ ኮምፓስ ያለውን ግን ማለፍ ነው። ጥርሱ እንጨት አይቆርጥም፣ የሚመቱበትን ዱላ ብቻ ይፈጫል፤ ባዶ እጀታው ደግሞ ብረቱ በሚገባበት አንገት ላይ ይሰበራል።

ስለ እጀታ ካነሣን፣ ሦስቱም ላይ የሚፈተሸው አንድ ነው፦ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ ሙሉ ስፋቱን ይዞ ይሄዳል ወይስ እንደ አይጥ ጭራ ይቀጥናል? ቀጭን ጭራ፣ በተለይ መነሻው ቀጥ ባለ ማዕዘን ከተቆረጠ፣ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው። የወይራ እጀታ ጠንካራ ነው፤ ከበጋው ድርቀት ጋር ሲሟሽሽ ሪቬቱ (እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ሚስማር) ይላላል፣ የምግብ ዘይት ደጋግሞ ማጠጣት ይረዳል። ለስላሳ ፕላስቲክ በላብና በዝናብ ያንሸራትታል።

ሁለት መሣሪያ በእጅ ካለ ፍተሻው እንዲህ ይሁን። የእጅ አንጓ የሚያህል እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ጉቶ አስደግፎ፣ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ እያፈራረቁ መምታት። ያው ሰው፣ ያው ቅርንጫፍ፣ በየ10 ምቱ መሣሪያ መቀያየር፤ ክንድ ሲደክም መጨረሻ የተያዘው ያለ ጥፋቱ ይሸነፋልና። ቀጥሎ ደረቅ ወይራ ላይ ጥቂት ምት። ከዚያ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ከታየ ስለቱ ተጣጥፏል፦ ብረቱ ለስላሳ ነው ወይም ስለቱ ከልክ በላይ ሳስቷል። ጎድጎድ ካለ ተሸርፏል፦ ጠንክሯል። ከመፍረድ በፊት ግን በየጎኑ ወደ 25 ዲግሪ አድርጎ መልሶ መሳል ነው፤ ብዙ «መጥፎ ብረት» የተባለ ቢላዋ ችግሩ የመሳያ ማዕዘን ነበር። የተዘረጋ ክንድና መሣሪያው አብረው ከሚደርሱበት እጥፍ ርቀት ውስጥ ሰው አይቁም፤ ስቶ የሚያልፈው ምት መሬት እንጂ እግር እንዳያገኝ ተንበርክኮ መቁረጥ ይሻላል።

ደሴ ላይ ዋናው ሥራ ደረቅ ፍልጥ ከሆነ ከሦስቱ አንዱንም አለመግዛት ነው። ጥሩ ዛቢያ ያለው ትንሽ ፋስ ሁሉንም ይበልጣል። አጠና ለመቁረጥና ቅርንጫፍ ለመመልመል የባሌስትራው፤ ኮምቦልቻ ላይ አጥር ለማጽዳትና ለምንጣሮ ስሱ ገጀራ ይበቃል። ከሥራ በኋላ የባሕር ዛፉን ሙጫና የቁልቋሉን ወተት በናፍጣ ጨርቅ ጠርጎ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ብረቱን ቆዳ አፎት ውስጥ ከትቶ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ በሁለት ሳምንት ስለቱ በዝገት ይበላል።