ሃይሩፌ ላይ የሰቀልኩት ሶላር፦ ከ14 ወር በኋላ

እናቴ የስኳር ሕመም አለባት። «ግሸን ማርያምን ሳልሳለም እንዳልሞት» ስትለኝ ቀድሞ ያሳሰበኝ ዳገቱ ሳይሆን ኢንሱሊኗ ነበር። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ያበላሸዋል፣ በረዶ ከሆነም አይረባም። የተጀመረው ኃይለኛ ሙቀት ካላገኘው 4 ሳምንት ያህል ያለ ፍሪጅ ይቆያል፤ መጠባበቂያው ግን ቅዝቃዜውን ይፈልጋል። ሶላሩን ያስገጠምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ነሐሴ ላይ ተገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ መስከረም 21ን ሁለት ጊዜ ግሸን ላይ አሳልፈንበታል፣ በመሀሉ ደግሞ ሐይቅ ዳር፣ አርዲቦ፣ ባቲና ደላንታ አድረንበታል።

የምኖረው ደሴ ነው፤ በአዘቦት ቀን በሃይሩፍ ሚኒባሴ ሰው እጭናለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆንና ፋታ ሳገኝ የኋላውን ወንበር አውጥቼ ፍራሽ አነጥፍና ቤተሰቤን ይዤ እወጣለሁ። ፖርቶ መጋላው ላይ 200 ዋት ፓኔል ታስሯል። ከኋላው በር ሥር 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ አለ፤ ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚሉት ነው። ሲባዛ 1280 ዋት-ሰዓት ይይዛል ማለት ነው፤ 1 ዋት የሚፈጅ ዕቃ በ1 ሰዓት የሚበላው 1 ዋት-ሰዓት ነው። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ኤም ፒ ፒ ቲ የሚሉት፣ ከፓኔሉ የሚቻለውን ያህል ኃይል የሚያወጣ ዓይነት ነው። ከዲናሞው የሚመጣውም በ20 አምፒር ቻርጀር በኩል ነው የሚገባው፤ ሊቲየም የሰጡትን ሁሉ ስለሚስብ በቀጥታ ቢገናኝ ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል። አንድ ሰዓት ስነዳ የባትሪው አንድ አምስተኛ ይሞላል። ኃይሉን የሚጠቀሙት በ12 ቮልት የሚሠራ 45 ሊትር ፍሪጅ፣ ሁለት መብራት፣ ስልክ መሙያና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር 300 ዋት ኢንቨርተር ናቸው።

ከሁሉም አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ግን ቆጣሪውን ነው የምመርጠው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ተገጥሞ የገባውንና የወጣውን የሚመዘግብ ትንሽ ዕቃ ነው። ባለሙያው ሲገጥምልኝ «ይሄ ምን ያደርግልሃል፣ ቮልቱን አይተህ ታውቀዋለህ» ብሎኝ ነበር። በድሮው የእርሳስ ባትሪ እውነቱን ነው፤ ካረፈ በኋላ 12.7 ካሳየ ሙሉ፣ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው። የሊቲየም ቮልት ግን ሆዱን አይናገርም። 90 ከመቶ ሲሆን 13.3 አካባቢ ነው፣ ግማሽ ሲደርስም ገና 13.1 ላይ ቆሟል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ቮልት ብቻ የሚያይ ሰው ባትሪው ማለቁን የሚያውቀው ፍሪጁ ሲጠፋ ነው። ቆጣሪውም ቀስ በቀስ ስለሚሳሳት በ10 ቀን አንዴ ባትሪውን ጢም አድርጌ ሞልቼ ወደ 100 እመልሰዋለሁ።

ከዚህ በፊት የነበረኝን ደረቅ ባትሪ የገደልኩት ባለማወቅ ነው። ሻጩ «ጄል ነው፣ ሙልጭ አድርገህ ብትጠቀምበትም ምንም አይሆን» አለኝ፤ አመንኩት። ሌት ሌት ፍሪጁ እስኪጠፋ ድረስ እጠቀምበት ነበር። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች በወረደ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ 100 አምፒር-ሰዓት ብዬ የገዛሁት ለእኔ 50 መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። በ7 ወሩ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ማሳደር አቃተው።

የአሁኑ የተፈተነው በመጀመሪያው ግሸን ነው። የደረስነው መስከረም 18 ነው፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ከጎናችን ላስቲክ ወጥረው ያረፉ ምዕመናን ነበሩ። ማታ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ፤ የጀርባ ክዳኑ ስለጠፋ ባትሪውን በፀጉር ላስቲክ አስረውታል። «የኔ ልጅ፣ በእመቤታችን፣ መድረሴን ብቻ ለልጄ ልንገራት» አሉኝ። ሰካሁላቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 17 ስልክ በሩ ላይ ተደረደረ። እዚያ ቦታ ላይ ማን እምቢ ይባላል? እናቴም ከውስጥ ሆና «ስካላቸው፣ ስካላቸው» ትለኛለች። ማከፋፈያውን ኢንቨርተሩ ላይ ሰክቼ ተኛሁ። ስተኛ 70 ከመቶ የነበረው ሲነጋ 28 ሆኖ ጠበቀኝ። ውጭው ጉም ነው፣ ፓኔሉ 11 ዋት ይላል። ፍሪጁ ውስጥ ያለው መድኃኒት ትዝ ሲለኝ ሆዴ ባር ባር አለ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ስልኮቹ እያንዳንዳቸው 15 ዋት-ሰዓት ያህል ወስደዋል፤ በድምሩ 255። ፍሪጁ በሌሊቱ ብርድ 170 አካባቢ ነው የጠጣው። የቀረውን ከ100 በላይ ዋት-ሰዓት የበላው ኢንቨርተሩ ራሱ ነው። የእኔው ምንም ሳይሰካበት 9 ዋት ይወስዳል፤ ሳይጠፋ ከዋለና ካደረ በ24 ሰዓት 216 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ደሴ ላይ ፍሪጁ ቀንና ሌሊት ሠርቶ ከሚፈጀው 350 ጋር ስታነጻጽሩት ብዙ ነው። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ስልክ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ነው የሚሞላው፤ ኢንቨርተሩን የማበራው ላፕቶፕ ሲመጣ ብቻ ነው።

ካርቶን ላይም «ስልክ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት» ብዬ ጽፌ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። ሰው ያለ ቅሬታ ተቀበለው። ባትሪው ሳይሞላ የዋለ እንደሆነ በቀን ተሰካ በማታ የሚወጣው ያው ነው፤ ቀን ላይ ግን የገባውን አይቼ ስንት ስልክ እንደምችል አውቃለሁ። ጠራራ ሲሆን ደግሞ ባትሪው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሞላና ኮንትሮለሩ ፓኔሉን ያግደዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይ ያልተጠቀምንበት ነው። ስለዚህ የሚሞላ ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ይሞላል፣ የፍሪጁም የሙቀት መጠን ከ6 ዲግሪ ወደ 3 ዝቅ ይላል። የቀዘቀዘው የውኃ ፕላስቲክ ለማታ ይተርፋል፤ ፍሪጁ ሌሊት ብዙም አይነሳም። ኢንሱሊኑን ከግድግዳው አርቄ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው፤ ግድግዳው አጠገብ ያለ ነገር በረዶ ሊሆን ይችላል።

200 ዋት የተባለው ፓኔል 200 ሰጥቶኝ አያውቅም። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከ150 እስከ 165 ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጥር 900 ዋት-ሰዓት አግኝቼበታለሁ፣ በሐምሌ ጉም 280 ያየሁበት ቀን አለ። ከፍተኛውን ያየሁት ደላንታ ላይ ነው፤ ደመና ገለጥ ሲል 188። ፓኔል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ሲግል ምርቱ ይቀንሳል፣ ደጋው ይስማማዋል።

ባቲ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለሰኞው ገበያ እሑድ ወርደን ስናድር ፍሪጁ በአንድ ቀን 650 ፈጀ፣ ፓኔሉም በግለቱና በአቧራው 130 ላይ ቆመ። በማግስቱ ማለዳ ሳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ እኩለ ቀን ላይ 150 ደረሰ። ለቆላ የሚወርድ ሰው ከፓኔሉ በፊት ለፍሪጁ ልባስ ይግዛለት እላለሁ። እኔ በብርድ ልብስ ነው የምጠቀልለው፤ የሞተሩ መተንፈሻ ብቻ ክፍት ይሆናል።

ሐይቅ ዳር ያስቸገረኝ ጥላ ነው። ፍሪጁና እናቴ የዛፍ ጥላ ይወዳሉ፣ ፓኔሉ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። አንድ ቀን የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ ፓኔሉ ጥግ ላይ አርፎ ምርቱ ከ148 ወደ 46 ወረደ። ሴሎቹ እንደ መቁጠሪያ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ የተጋረደው የሌሎቹንም መንገድ ያጠባል። መኪናውን ሁለት ክንድ ወደፊት ሳስጠጋው ተመለሰ። ኋላ 100 ዋት ታጣፊ ፓኔል ከ10 ሜትር ገመድ ጋር ጨመርኩ፤ መኪናው ጥላ ሥር ይቆማል፣ ፓኔሉ ሜዳው ላይ ይዘረጋል። ገመዱ 6 ሚሊ ካሬ ነው፤ በቀጭን ገመድ ከኃይሉ የተወሰነው መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለ ማዘንበሉ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ናት፤ ጣሪያ ላይ የተኛ ፓኔል ምንም አይጎድልበትም። በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ያን ጊዜ ፓኔሉን በሰሜን በኩል በእንጨት ከፍ ሳደርገው እኩለ ቀን ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይጨምርልኛል።

ደላንታ ላይ በታኅሣሥ ውርጭ ወርዶ ሳሩ ነጭ ሆኖ አደረ። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ሰማዩ አንድ ደመና የለውም፣ ኮንትሮለሩ ግን ዜሮ ይላል። ተበላሸ ብዬ ካቻቢቴ አንስቼ ልፈታው ስል ነው የባትሪውን ሙቀት ያየሁት፦ 3 ዲግሪ። ይህ ዓይነት ሊቲየም ከዜሮ በታች ሆኖ ከተሞላ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል፤ የእኔ ኮንትሮለር ደግሞ ለጥንቃቄ 5 ዲግሪ ላይ እንዲያቆም ተደርጓል። ለአገልግሎት ግን አላስቸገረም፤ መብራቱም ፍሪጁም ይሠሩ ነበር። የኋላውን በር ለፀሐይ ከፍቼ እናቴ አቦል እስክታፈላ ጠበቅኩ፤ 3 ሰዓት ላይ መሙላት ጀመረ። አሁን ባትሪው ፎም በለበሰ ሳጥን ውስጥ ነው።

ያስደነገጠኝ ብልሽት አንድ ነው፤ እሱም ከባትሪው አልመጣም። በ9ኛው ወር ከኮረኮንች መልስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። መኪናውን አቁሜ ሳየው የፊውዝ ማቀፊያው ቀልጦ ጠቁሯል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው የገመዱ ዳዶ ላልቷል፤ የላላ ማያያዣ ደግሞ ይግላል። ፊውዙ አልተቃጠለም፣ ምክንያቱም የሚያልፈው አምፒር አልበዛም፤ የጋለው መጋጠሚያው ነው። እናቴ ከኋላ ተኝታ ነበር። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ብዬ አሁንም አስበዋለሁ። በመክፈቻ ዳዶዎቹን ሁሉ አጠበቅኩ፣ ስፕሪንግ ዋሸር አስገባሁ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በእጄ እየነካሁ አያለሁ። እባካችሁ እናንተም ንኩት።

በ14 ወሩ ባትሪውን ጢም አድርጌ ሞልቼ እስከ መጨረሻው አወረድኩት፤ ቆጣሪው 96 አምፒር-ሰዓት አወጣ። በዘወትር ከ20 ከመቶ በታች ስለማላወርደው ይመስለኛል። የፍሪጁ ክዳን ጎማ ላልቷል፣ እሱን እቀይራለሁ። ምጣድና የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ስለሚጠይቁኝ፦ አይቻልም፣ ቡናችን በከሰል ነው። ሁለተኛ ባትሪ ግዛ የሚሉኝም አሉ፤ በሁለተኛው ግሸን 4 ቀን አድረን ከ41 ከመቶ በታች ስላልወረደ አልገዛሁም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። ዘንድሮ መስከረም 21 ጠዋት ከእኔ ቀድማ ነቅታ ቆጣሪውን አይታለች። «ሃምሳ ስምንት ላይ ነው ያደረው» አለችኝ፤ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ ቅዳሴው ወጣን።