የአካባቢ የትውልድ ሐረግ ጥናት ማኅበር፦ የአባልነት አገልግሎቱ ሲመዘን

የትውልድ ሐረጋቸውን ለማጥናት የሚነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በኢንተርኔት ከሚገኙት ታላላቅ የመረጃ ቋቶች ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አላቸው። ፋሚሊሰርች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ከብዙ አገሮች የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦችን በማይክሮፊልም ሲያነሣ ቆይቶ በ2021 ያንን ክምችት ወደ ዲጂታል የመቀየሩን ሥራ አጠናቋል፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው። ይህ ሁሉ ከቤት ሳይወጡ በሚገኝበት ጊዜ በአንድ አካባቢ ተወስኖ ለሚሠራ ማኅበር በየዓመቱ መዋጮ መክፈል ምን ይጠቅማል? አባል የሆንኩበትን ማኅበር የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው፤ መልሴም፣ ጉድለቶቹን ሳልሸሽግ፣ ይጠቅማል የሚል ነው።

ምዝገባው ቀላል ነው። አዲስ አባል ሁለት ቅጾች ይሰጡታል፤ አንዱ ወደ ላይ የሚቆጠር የአያት ቅድመ አያት ሰንጠረዥ ሲሆን ሌላው ለእያንዳንዱ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የሚሞላ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ያለው አቆጣጠር ሚካኤል አይትሲንገር የተባለ የታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት ነው፦ ሐረጉ የሚጠናለት ሰው 1፣ አባቱ 2፣ እናቱ 3 ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ የማንኛውም ሰው አባት ቁጥር የልጁ ቁጥር እጥፍ ነው፣ እናቱ ደግሞ በእጥፉ ላይ አንድ ተጨምሮ ትቆጠራለች። ከወላጆች ተነሥቶ አምስተኛው ትውልድ ላይ ሲደረስ በዚያ ትውልድ ብቻ 32 ሰዎች ስለሚኖሩ፣ ቅጹን መሙላት የጀመረ ሰው ክፍተቱ የት እንደሆነ፣ በተለይም በእናቶች በኩል ያለው ሐረግ ምን ያህል እንደተዘነጋ፣ ወዲያውኑ ያየዋል።

ማኅበሩን ማኅበር የሚያሰኙት ግን መዝገብ አንባቢዎቹ ናቸው። አንዲት አባል የቅድመ አያቷን ስም የያዘ የጥምቀት መዝገብ ቅጂ ይዛ በመጣችበት ቀን አጠገቧ ነበርኩ። ስሙም፣ የወላጆቹ ስምም፣ ዓመቱም ቤተሰቡ ከሚናገረው ጋር ይገጥማል። በፈቃደኝነት የሚያገለግሉት አዛውንት ቅጂውን ተቀብለው ካዩ በኋላ ሌላ ምንም ሳይናገሩ የቀብር መዝገቡን እንድታመጣላቸው ጠየቋት። በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ ሲያነቡ፣ ያ ልጅ ከተጠመቀ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ተቀብሮ አገኙት። ወደ ጥምቀት መዝገቡ ተመልሰው ጥቂት ቅጠሎች ሲገልጡ ደግሞ እነዚያው ወላጆች ለተከታዩ ወንድ ልጃቸው የሟቹን ስም ደግመው አውጥተውለታል፤ የሴትዮዋ ቅድመ አያት ይህ ሁለተኛው ነበር። በኢንተርኔት ፍለጋ መጀመሪያ የወጣው ስም እንዳለ ቢወሰድ ኖሮ የቤተሰቡ ሐረግ በሕፃንነቱ በሞተ ልጅ ላይ ይቀጠል ነበር። የአስተዳደር ወሰን ሲቀየር መዝገቦቹ ወዴት እንደተዛወሩ፣ በጋብቻ ውል ላይ በምስክርነት የፈረሙት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሥጋ ዘመድ ስለሚሆኑ እነሱንም መከታተል እንደሚገባ ያወቅሁት ከእነዚህ ሰዎች ነው።

የቤተሰብ ቅርስ አጠባበቅ ሥልጠናውም በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። አሮጌ ፎቶግራፍ ላሚኔት ማድረግም (በላስቲክ አጣብቆ ማሸግም) ሆነ በፕላስተር መለጠፍ እንደማይገባ፣ ፒቪሲ የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ከጊዜ በኋላ አሲድ ስለሚያመነጭ ሥዕሉን እንደሚያበላሽ፣ በፖሊፕሮፒሊን ወይም በፖሊስተር ከረጢት ማስቀመጥ ግን ደኅና እንደሆነ ያስረዳሉ። በጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ መጻፍ፣ ሙቀትና እርጥበት ከሚፈራረቅበት ምድር ቤትና ከጣሪያ ሥር ማራቅ፣ ስካን ካደረጉ በኋላ ሦስት ቅጂ አዘጋጅቶ አንዱን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ዋና ዋናዎቹ ምክሮች ናቸው። ይበልጥ የወደድኩት ግን አረጋውያንን ስለ መጠየቅ የሚሰጠው ትምህርት ነው፦ «ታሪክዎን ይንገሩን» ከማለት ይልቅ አንድ ፎቶግራፍ በእጃቸው ሰጥቶ «ሕፃኑን ያቀፈችው ማን ናት? ይህ በር የማን ቤት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ድምፃቸውንም መቅዳት።

ቅጂን በሌላ ቦታ የማኖር ጥቅም በተግባር የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በዱብሊን የአየርላንድ ቤተ መዛግብት ሲቃጠል ለዘመናት የተጠራቀሙ ኑዛዜዎች ጠፍተዋል፤ ዊልያም ቤተም የተባሉ የትውልድ ሐረግ አጥኚ አስቀድመው ከኑዛዜዎቹ በአጭሩ ያወጧቸው ማስታወሻዎች ግን ስለተረፉ፣ ተመራማሪዎች ዛሬም የሚጠቀሙት በእነሱ ነው።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈትበት ሰዓት አጭር በመሆኑ ሥራ ያለው ሰው ሊጠቀምበት ይቸገራል፤ በአባላት የተገለበጡት የመቃብር ጽሑፎችም አብዛኞቹ እስካሁን ወረቀት ላይ ናቸው። ከሁሉ ያሳዘነኝ የግል መረጃ አያያዙ ነው። ያስገባሁት ሰንጠረዥ በሕይወት ያሉ ዘመዶቼን የልደት ቀን ጭምር ለአባላት ሁሉ ይታይ ነበር፤ እንዲሸፈን ካመለከትኩ በኋላም ምላሹ እጅግ ዘግይቷል። የቤተሰብ አደራ ተቀባይ ነኝ የሚል ማኅበር ይህን ሳይጠየቅ ማድረግ ይገባዋል። የዘረመል ምርመራ ውጤትን በመተርጎም ረገድም የሚሰጠው እገዛ ደካማ ነው።

ተዘጋጅቶ የተጠናቀቀ ሐረግ ለሚፈልግ ሰው ይህን አባልነት አልመክርም። በቤቱ ያሉትን ታላላቆች ጠይቆ፣ ያገኘውን ጽፎ፣ ከዚያ በላይ መሄድ ላቃተው ግን ከልብ እመክራለሁ። የሚመረጠው ማኅበር አመልካቹ ዛሬ የሚኖርበትን ሳይሆን አያቶቹ የኖሩበትን አካባቢ የሚያጠና መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ በሩቅ ያለ አባልም ይቀበላሉ። መዋጮ ከመክፈላችሁ በፊት ክምችታቸው የየትኞቹን አካባቢዎችና የየትኞቹን ዓመታት መዝገቦች እንደሚሸፍን፣ በሕይወት ያሉ ሰዎችን መረጃም ለማን እንደሚያሳዩ በጽሑፍ ጠይቁ።