የላስቲክ ቤቱ በዘጠነኛ ወሩ፦ አጽሙ ቆሟል፣ ላስቲኩ ግን

በዘጠነኛው ወር የአትክልት ማብቀያ ቤቱ (ግሪንሃውሱ) ላስቲክ ተቀደደ። ዐውሎ ነፋስ ቀዶት ቢሆን ቅር ባላለኝ። የተቀደደው ግን ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን፣ ከበሩ ሦስተኛው ቅስት ላይ፣ የብረቱን መስመር ተከትሎ በምላጭ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ነው። «አራት ዓመት ያለሐሳብ» ተብሎ የተሸጠ ላስቲክ እንግዲህ ይህ ነው።

ቤቱ 6 ሜትር በ21 ሜትር ነው፤ በየ1.5 ሜትሩ የቆሙ 15 የጋልቫናይዝድ ቱቦ ቅስቶች፣ ባለ 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ላስቲክ፣ በእጀታ የሚጠቀለል ጎንና ጎን። ውርጭ ሳያልፍ ቲማቲም ለመትከል፣ ውርጭ ከገባ በኋላም ሰላጣና ስፒናች ለማቆየት ተገዛ፤ ያንን አድርጓል። ስለሱ የምጨምረው የለኝም።

ወደ ቅዳዱ ልመለስ። ከቅስቱ አንድ ስንዝር ራቅ ያለውን ላስቲክ በጣት ይዘው ሲስቡት እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ብረቱ ላይ ተኝቶ የኖረውን፣ ሁለት ጣት የሚሰፋውን መስመር ሲቆነጥጡት ደግሞ እንደ ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ ኮሽ ብሎ ይሰበራል። ጥቅሉ አንድ፣ የተዘረጋበትም ቀን አንድ። ልዩነቱን ያመጣው ቱቦው ነው፦ ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ የነካውን ላስቲክ ቀስ እያለ ያበስለዋል፤ ላስቲኩ ውስጥ የተቀላቀለው የፀሐይ መከላከያም እዚያ ቦታ ላይ ቶሎ ያልቃል።

ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፦ «200 ማይክሮን እኮ ነው፣ ወፍራም ነው!» ወንድሜ፣ ውፍረት ዕድሜ አይደለም። የፀሐይ መከላከያ የሌለው የግንባታ ላስቲክ በዚያው ውፍረት ፀሐይ ላይ ቢዘረጋ ቶሎ ይፈረካከሳል። የዋስትና ወረቀቱ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ በጋለ ብረትና በድኝ (ሰልፈር) የተጎዳውን አይመለከትም ይላል። ታዲያ ቤቱ ብረት ሳይነካ በምን ሊቆም ኖሯል?

መደረግ የነበረበት ቀላል ነው። ላስቲኩ ከመዘርጋቱ በፊት የቅስቱ የላይኛው ፊት በውሃ በሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ አለዚያም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ነጭ የስፖንጅ ቴፕ ይለብሳል። የኤሌክትሪክ ፕላስተር የሚጠቀልሉ አሉ፤ እሱ ፒቪሲ ስለሆነ ላስቲኩን ይበላዋል፣ ከባዶ ብረት አይሻልም። አግዳሚውን ከቅስቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖችም ዳዶና ትርፍ ጥርሳቸው ወደ ውስጥ መዞር አለበት። እዚህ ቤት ሁለቱ ወደ ውጭ ዞረው ቀርተዋል፤ ቅዳዱ የጀመረው ከአንደኛው ነው። ይህችን እንኳ ለሻጩ አልለጥፋትም፣ የገጣሚ ጥፋት ናት።

የመላላት ችግርም አለ። ላስቲክ በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። በብርዳም ንጋት የተወጠረው እኩለ ቀን ላይ ይረግባል፣ ከዚያ ነፋስ ባገኘው ቁጥር ብረቱን እየመታ ይፋተጋል። መዘርጋት ያለበት ነፋስ በሌለበት፣ ለብ ባለ ቀን ነው። ከላላ በኋላም ላስቲኩን የሚይዘውን ዚግዛግ ሽቦ ከተሰካበት የአሉሚኒየም ሐዲድ አውጥቶ፣ ላስቲኩን ስቦ፣ ሽቦውን መመለስ እንጂ በገመድ ከላይ መጨቆን አያድነውም። ቲማቲሙ ላይ ለሻጋታ የተረጨው ድኝም እጁ አለበት፤ የፀሐይ መከላከያውን ያዳክማል።

ይጠገናል ወይ? ጤነኛው ላስቲክ ላይ የወጣ ቅዳድ ይጠገናል። ጫፎቹ በመቀስ ክብ ተደርገው ይቆረጣሉ፣ አለዚያ መሮጡን አይተውም፤ ዙሪያው በአልኮል ተወልውሎ ሲደርቅ የላስቲክ ቤት መጠገኛ ቴፕ ከውጭም ከውስጥም ይለጠፋል። የካርቶን ማሸጊያ ስኮች ፀሐይ አይችልም። ብረቱ ላይ የደረቀው መስመር ግን ተስፋ የለውም፦ ቴፑ ይይዛል፣ ላስቲኩ ቴፑ ካለቀበት ጠርዝ እንደገና ይሰበራል። ከ15ቱ ቅስቶች በ11ዱ ላይ ይህ መስመር አለ። ስለዚህ ሙሉ ልብሱ ይቀየራል።

አጽሙን ድጋሚ እገዛዋለሁ፤ 60 ሴንቲ ሜትር የተቀበረው እግሩ ንቅንቅ አላለም። ላስቲኩን ግን ከዚያ ሰው በነጻ ቢሰጠኝም አልዘረጋውም። አዲሱ የሚዘረጋው የቅስቶቹ ቀለም ፈጽሞ ሲደርቅ ነው፣ ጠብታ የማያንጠባጥበው ፊት ወደ ውስጥ ሆኖ፤ የትኛው ፊት እንደሆነ ጠርዙ ላይ ተጽፏል። ከአሮጌው በሁለት ቅስት መሃል ያለው፣ 1.4 ሜትር የሚሰፋው ክፍል ገና ይለጠጣል፤ ለችግኝ መደብ ዝቅተኛ ዋሻ (መደቡን የሚሸፍን አጭር የላስቲክ ቅስት) ይበቃል።